ፎቶግራፍ ያሳያል እንጂ አይዳስስም
የቆዳ ሕመምተኛ፣ ሐኪሙና የገበሬ ማኅበሩ

በሐረር ጁገል ግንብ በስተምሥራቅ ያለው ኤረር በር፣ ሐረሪዎቹ በቋንቋቸው አርጎብ በሪ የሚሉት፣ ከኤረር ሸለቆ ወደ ከተማው የሚመጣው ገበሬ የዘወትር መግቢያ ነው። ማሽላውን፣ ለውዙን፣ ማንጎውንና ማገዶውን ይዞ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ የሚነሣ ሰው በዚህ በር ገብቶ፣ ሸጦና ሸምቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሸለቆው ይመለሳል። ከሚገቡት መካከል ግን የሚሸጥ ነገር ያልያዘም አይጠፋም። እርሱ የመጣው ሐኪም ፍለጋ ነው።

ይህ ሰው ሕመሙ የቆዳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ የመጣ ነው። ወባ ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል፤ ምጥም ቀጠሮ አይሰጥም። የቆዳ ሕመም ግን ከባለቤቱ ጋር እርሻ ይውላል፣ ገበያ ይወጣል፣ ማታም አብሮት ይተኛል። ስለዚህ «ይሻለኛል» እየተባለ ከአዝመራ ወደ አዝመራ ይሸጋገራል። አንድ ቀን ሥራ መፍታት፣ የመኪና መክፈል፣ ከተማ ውስጥም የሚታከሙበትን ቤት ጠይቆ ማግኘት ሁሉ ሲታሰብ ደግሞ፣ እከክ ወይም ጭርት ለሚመስል ነገር ያን ያህል መድከም ለብዙው ገበሬ ትርፍ የሌለው ሥራ መስሎ ይታየዋል።

በአሁኑ ጊዜ ይህን ችግር ያቃልላል ተብሎ ተስፋ የሚጣልበት አንድ መንገድ አለ። ይኸውም የሕመምተኛው ቆዳ በጤና ጣቢያ በተንቀሳቃሽ ስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ርቆ ለሚገኝ የቆዳ ሐኪም ተልኮ፣ ምክሩ በስልኩ መልሶ የሚመጣበት የርቀት ምክክር ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ያሉት ጠቅላላ ሐኪሞችና የጤና መኮንኖች ስለዚህ አሠራር ያላቸው አስተያየት አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ ይደግፉታል፤ ሌሎቹ ይጠራጠሩታል። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማቸዋል፤ ምክንያቱም የሐኪሞቹ ጥርጣሬ ከፊሉ ትክክል ነው፤ መፍትሔውም በከፊል የሚገኘው በማኅበሩ እጅ ነው።

ሐረር ከመዘግየት የተማረችው

መዘግየት ምን እንደሚያስከትል ሐረርና አካባቢዋ ከብዙ ስፍራዎች አስቀድመው አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1901 ፈረንሳውያን የካፑቺን ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ያቋቋሙት በሐረር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይም በጀርመን በጎ አድራጊዎች እርዳታ፣ ከሐረር ወደ ባቢሌ አቅጣጫ የቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተሠራ። በ1958 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ አገሮች ጭምር የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል የሆነው አለርት ተመሠረተ።

በዚያ ዘመን ወደ እነዚህ ስፍራዎች ይመጡ ከነበሩት ሕሙማን ብዙዎቹ ጣታቸው ከታጠፈ፣ እግራቸው ከቆሰለ፣ ዓይናቸውም ከደከመ በኋላ የደረሱ ነበሩ። በሽታው ሲጀምር ግን እንዲህ አልነበረም። መጀመሪያው ከሌላው ገላ ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ አንድ ምልክት ነው። አያሳክክም፤ አያምም። ቋቁቻ ነው ይባላል፤ ጭርት ነው ይባላል፤ ይተዋል። ተህዋሱ ግን በዚህ መካከል ነርቭን ያጠቃል። ነርቩ የተጎዳበት እጅ የጋለ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፤ እግሩም እሾህ ሲወጋው አያውቀውም። አካል የሚጎድለው በዚህ በማይሰማ ቁስል ሳቢያ ነው።

ዛሬ ለሥጋ ደዌ አዳኝ መድኃኒት አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 እንዲሠራበት የመከረው የጣምራ መድኃኒት ሕክምና እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወራት ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም መድኃኒቱ ለሕሙማን ያለ ዋጋ ይታደላል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ነገር ግን መድኃኒቱ ተህዋሱን ይገድላል እንጂ የሞተ ነርቭ አያስነሣም፤ የጎደለ ጣትም አይመልስም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ሥጋ ደዌ አልጠፋም፤ በየዓመቱ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ስለዚህ በገጠር የቆዳ ሕመም ጉዳይ የመልክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጊዜ ጉዳይ ነው።

አንድ ጊዜ የተሞከረው

በርቀት መማከር ለኢትዮጵያ አዲስ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006፣ ማለትም በ1990ዎቹ አጋማሽና ማገባደጃ ላይ፣ በአገሪቱ 10 የሕክምና ስፍራዎች ተመርጠው ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከየስፍራው ሁለት፣ በጠቅላላው 20 ሐኪሞች ሠልጥነው፣ የሕመምተኛውን ምስልና ታሪክ በመደበኛ የስልክ መስመር በኩል በኢንተርኔት ለልዩ ሐኪም እንዲልኩ ተደረገ። ለሙከራው ከተመረጡት ሦስት የሕክምና ዘርፎች አንዱ የቆዳ ሕክምና ነበር። የቀሩት ሁለቱ የራጅና የናሙና ምርመራ ነበሩ።

ከዚያ ሙከራ የተገኘው ትምህርት ለገበሬ ማኅበር መሪዎችም ጭምር የሚሆን ነው። አሠራሩ በተግባር ሊውል እንደሚችል ታየ። ሆኖም መሣሪያ ስለተተከለና መስመር ስለተዘረጋ ብቻ ሥራው እንደማይቆም ተረጋገጠ። የሚደግፈው መመሪያ፣ የሚሠለጥን ሰው፣ የሚተባበሩ መሥሪያ ቤቶች ያስፈልጉታል ተባለ። በዚያን ጊዜ የነበረው የስልክ መስመር አዝጋሚ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ገበሬ ኪስ ተንቀሳቃሽ ስልክ አለ። ስለዚህ መሣሪያው ቀድሞ መጥቷል። የቀረው አሠራሩ ነው።

በውጭ አገር ያለውም ሁኔታ ይህንኑ ያመለክታል። በሆላንድ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ የቤተሰብ ሐኪሞች የቆዳ ፎቶግራፍ ለልዩ ሐኪም እየላኩ መማከር የተለመደ ሥራ ሆኗል። ብዙ ሕመምተኞችም ወደ ሆስፒታል ሳይሄዱ እዚያው ሠፈራቸው ታክመዋል። እዚያ ግን ለሚላከውም ለሚመልሰውም ሐኪም ክፍያው የታወቀ ነው፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነም የታወቀ ነው።

ሐኪሞች ለምን ያመነታሉ

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕክምና ራሱን ችሎ በልዩ ሙያነት መሰጠት የጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም ነው። በዚህ ሙያ የተመረቁት ገና ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በገጠር የቤተሰብ ሐኪምን ቦታ የያዙት በጤና ጣቢያ የሚሠሩት የጤና መኮንንና ነርስ፣ ከዚያም በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያለው ጠቅላላ ሐኪም ናቸው። የቆዳ ሐኪሞች ደግሞ በቁጥር አነስተኛ ከመሆናቸውም ሌላ አብዛኞቹ በአዲስ አበባና በታላላቅ ከተሞች ተሰባስበው ይገኛሉ። የርቀት ምክክር ይሠራ ከተባለ ጠያቂው የጤና ጣቢያው ባለሙያ ነው፤ መልስ ሰጪው የከተማው የቆዳ ሐኪም ነው።

አሠራሩን የሚደግፉት ሦስት ጥቅም ይቆጥሩለታል። አንደኛ፣ በቀላሉ የሚታከመው ሕመምተኛ መንገድ ይድናል። ሁለተኛ፣ በእውነት ከተማ መሄድ ያለበት ሰው ቶሎ ተለይቶ ይላካል። ሦስተኛ፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያ በየመልሱ አንድ ነገር እየተማረ ይሄዳል፤ ዛሬ የጠየቀውን ከርሞ ራሱ ያውቀዋል። ይህ ሦስተኛው ጥቅም በተለይ ለገጠር የሚናቅ አይደለም።

የሚያመነቱት ሐኪሞችም ባዶ ሰበብ አያቀርቡም። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው የኃላፊነት ነው። የሩቁ ሐኪም ተሳስቶ ቢመክር፣ የቅርቡም ባለሙያ በምክሩ ቢያክም፣ ጉዳት ሲደርስ ተጠያቂው ማን ነው? ሁለተኛው የጊዜ ጥያቄ ነው። በበሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ለሚጠብቀው ባለሙያ ፎቶግራፍ ማንሣትና ታሪክ ጽፎ መላክ ተጨማሪ ሥራ ነው። የሚመልሰውም ሐኪም ይህን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከመደበኛ ሥራው በኋላ በበጎ ፈቃድ ነው። በበጎ ፈቃድ ብቻ የተያዘ ሥራ ደግሞ ሰውየው የተዛወረ ዕለት ይቆማል። ሦስተኛው የምስጢር ጥያቄ ነው። የሰው ገላ የታየበት ፎቶግራፍ በግል ስልክ ተቀምጦ፣ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ ከማን ዘንድ እንደሚያድር አይታወቅም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን አራተኛው ነው። እርሱም የፎቶግራፉ የራሱ ጉድለት ነው።

ፎቶግራፍ የማይናገረው

የቆዳ ሕመም በዓይን ብቻ የሚለይ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጠቆር ባለ ገላ ላይ መቅላት በቀላሉ አይታይም፤ በደብዛዛ ብርሃን ወይም በስልኩ መብራት የተነሣ ምስልም የምልክቱን ቀለም ይለውጣል። ከዚህም በላይ የሥጋ ደዌ ዋና ምልክት የሚታይ ሳይሆን የሚዳሰስ ነው። ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባለሙያው በጥጥ ጫፍ ምልክቱንና ጤነኛውን ገላ በየተራ እየነካ «የት ነካሁህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በምልክቱ ላይ የተነካው ካልተሰማው ነገሩ ጭርት አይደለም። በክንድና በጉልበት አጠገብ ያሉ ነርቮች መወፈራቸውም የሚታወቀው በጣት ተዳብሶ ነው። እጅና እግር መድከማቸው፣ ዓይን በሚገባ አለመከደኑ ሁሉ ተፈትኖ ይታወቃል። ይህን ፎቶግራፍ አይናገርም።

እንግዲህ ፎቶግራፉን የሚጠራጠረው ሐኪም ስለ ጉድለቱ ያለው ትክክል ነው። የሚሳሳተው ግን «ጉድለት አለውና ይቅር» ያለ እንደሆነ ነው። ምክንያቱም ለኤረር ገበሬ አማራጩ ፎቶግራፍ ወይም ልዩ ሐኪም አይደለም። ብዙ ጊዜ አማራጩ ፎቶግራፍ ወይም ምንም ነው። ደግሞም ሩቅ ያለው ሐኪም የማይዳስሰውን ቅርብ ያለው ባለሙያ ሊዳስስለት ይችላል። የጤና መኮንኑ በጥጥ ፈትኖ «አይሰማውም» ብሎ ከጻፈ፣ ፎቶግራፉ እጅ አገኘ ማለት ነው። ያለዚያ የሚላከው ምስል ጥያቄ የሌለበት ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ፎቶግራፉ በቀን ብርሃን፣ በሁለት ዓይነት ይነሣል። አንዱ ከራቅ ብሎ ምልክቱ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንዳለ የሚያሳይ፣ ሁለተኛው ከቅርብ ጥርት ብሎ የተነሣ። ከምስሉ ጋር ዕድሜው፣ ምልክቱ ከመቼ ጀምሮ እንደታየ፣ የሚያሳክክ መሆን አለመሆኑ፣ ሲነካ የሚሰማው መሆን አለመሆኑ፣ በቤቱ ሌላ የታመመ ሰው እንዳለ፣ እስካሁንም የቀባው ነገር ምን እንደሆነ ይጻፋል። የሕመምተኛው ስም ከምስሉ ጋር አይላክም፤ ፊቱም ካላስፈለገ አይነሣም።

እንዲህ ሆኖ ሲላክ እከክ፣ ቆረቆር፣ ጭርት፣ ቋቁቻና ለምጽ የመሳሰሉት ብዙውን ጊዜ በምክክር ሊያልቁ ይችላሉ። እከክ ለምሳሌ ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣቶች መካከል የሚወጣ፣ ከቤተሰብ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዝ ነው። መድኃኒቱም ባንድ ቀን ለቤተሰቡ ሁሉ ካልተሰጠ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ይህን ለማወቅ ኤረር በር መግባት አያስፈልግም።

በአንጻሩ በምስል ተይዞ መቆየት የሌለበት ሕመምተኛ አለ። ስሜት ያጣ ምልክት ያለበት፣ እጁ ወይም እግሩ የደከመ፣ ዓይኑ የማይከደንለት፣ ትኩሳት ይዞት ቆዳው በፍጥነት የሚቀላና የሚያብጥ፣ በውስጥ እግሩ ጥቁር እብጠት ወይም የማይድን ቁስል የወጣበት፣ ቆዳው የታመመ ጨቅላ ሕፃን፤ እነዚህ ሁሉ በሐኪም ፊት መቅረብ አለባቸው። ለእነርሱ ስልኩ የሚያገለግለው ቦታና ቀጠሮ ለማስያዝ ነው።

ሳይነገር የማይታለፍ ሌላም አደጋ አለ። በአሁኑ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚላከው ለሐኪም ብቻ አይደለም። ከተማ ላለ ዘመድ ይላካል፤ ለመድኃኒት ሻጭም ይታያል። የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ የሚቀባ መድኃኒት ነው። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት በጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩና መቅላቱ ለጊዜው ይበርዳል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። መልኩም ስለሚለወጥ በኋላ ሐኪም ራሱ ሊስተው ይችላል። በሥጋ ደዌ ምልክት ላይ የሚቀባ ቅባትም ቢያንስ ጊዜ ያጠፋል። ጊዜ ደግሞ ነርቭ ነው። ሐኪሞች ከርቀት ምክክር ርቀው ከቆሙ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ሐኪም ያልሆነ ይይዘዋል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ

ዛሬም በብዙ ስፍራ የገጠር ቀበሌ በገበሬ ማኅበር ስሙ ይጠራል። በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ ወይም ሊኖር ይገባል፤ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በተዘረጋው ፕሮግራም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። ስለዚህ የማኅበሩ መሪ ከባዶ አይነሣም። ሊያደርግ የሚገባው የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ በስብሰባ ላይ ጉዳዩ በግልጽ ይነሣ። የማያሳክክና የማይሰማ ምልክት ያለው ሰው ወደ ጤና ኬላ እንዲሄድ፣ ይህም የእርግማን ወይም የዘር ጉዳይ ሳይሆን የሚድን በሽታ መሆኑ ይነገር። መሪው ራሱ በሽታውን ለመለየት አይሞክር፤ ሰውየውንም በአደባባይ አይጠቁም። መንገዱን ማመልከት ይበቃዋል። በኤረር አካባቢ ይህ መልእክት በኦሮምኛ ካልተነገረ ለአብዛኛው አይደርስም።

ሁለተኛ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ማን እንደሆነ ይወሰን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የጤና ጣቢያው ባለሙያ እንጂ የሠፈሩ ወጣት ሁሉ አይሁን። ሕመምተኛው ሳይፈቅድ አይነሣ። ሴቶች በሴት ባለሙያ፣ በተከለለ ቦታ ይነሡ። አንዲት ሴት ገላዋ በስልክ ዞሮ ታየ የተባለ ዕለት ከዚያ ቀበሌ ሌላ ሴት ለሕክምና አትመጣም።

ሦስተኛ፣ መሪው ጤና ጣቢያውን ይጠይቅ። ጥያቄውን የሚቀበለው ሆስፒታል የትኛው ነው? የሚመልሰው ማን ነው? መልሱ በስንት ቀን ይደርሳል? እርሱ በሌለ ጊዜስ ተተኪው ማን ነው? ሐረር ውስጥ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕይወት ፋና ሆስፒታል የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ቢሲዲሞም ስለ ሥጋ ደዌ የረጅም ዘመን ልምድ ያለበት ስፍራ ነው። እንዲህ ዓይነት ተቋማት ባሉበት አካባቢ ጥያቄው ባለቤት ሊያጣ አይገባም። ይህ ጥያቄ ከአንድ ሕመምተኛ አፍ ሲወጣ ሰሚ ላያገኝ ይችላል፤ ከማኅበር ሲመጣ ግን መልስ ይሻል። ሐኪሞቹ የሚያነሡት የኃላፊነትና የጊዜ ጥያቄም በወረቀት መልስ የሚያገኘው እንዲህ ሲጠየቅ ነው።

አራተኛ፣ መልሱ ለሕመምተኛው መድረሱ ይረጋገጥ። የተላከው ምስል፣ የተላከበት ቀንና መልስ የመጣበት ቀን በጤና ኬላው መዝገብ ይስፈር። መልስ ሳያገኝ የቀረ ሕመምተኛ «ታይቼ ነበር፤ ምንም አላሉኝም» ብሎ ይቀመጣል። እርሱ ከናካቴው ካልታየው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም መፈለጉን ይተዋል።

አምስተኛ፣ በሐኪም ፊት መቅረብ ያለበት ሰው በመንገድ ገንዘብ እጦት እንዳይቀር ይደረግ። እንደየአካባቢው ልማድ በዕድር፣ በአፎሻ ወይም በሌላ መረዳጃ የሚሰበሰብ ጥቂት ገንዘብ አንድን ሰው ከኤረር ሸለቆ ሐረር አድርሶ ሊመልስ ይችላል። ሰው ሲሞት ለመቅበር የሚዋጣ ከሆነ፣ ጣቱ ሳይጎድል ለማሳከም የማይዋጣበት ምክንያት የለም። አንድ ሰው ሥጋ ደዌ የተገኘበት እንደሆነ ደግሞ አብረውት የሚኖሩት ሁሉ ይመርመሩ። በሽታው ከያዘ በኋላ ሳይታይ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ዛሬ ጤነኛ የሚመስለው ልጅ ነገም መታየት ይኖርበታል።

በመጨረሻም ሐኪሞችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚያመነታውን ሐኪም እንደ ባላጋራ ሊያዩት አይገባም። «ሳልዳስስ አልፈርድም» የሚል ሐኪም ሙያውን ያከበረ ነው። እርሱን የሚያሳምነው ውትወታ ሳይሆን በሚገባ ተፈትኖ፣ በሚገባ ተጽፎ የመጣ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አሥር ጊዜ ደርሶት በአሥሩም ሕመምተኛው ሲጠቀም ያየ ሐኪም አሥራ አንደኛውን ራሱ ይጠብቃል።

ኤረር በር ከሸለቆው ለሚመጣው ገበሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ይሁን እንጂ ለእከክ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሊደክም አይገባውም፤ ለሥጋ ደዌም ቤቱ ሊቀር አይገባውም። ማን በቤቱ እንደሚታከም፣ ማን በዚያ በር መግባት እንዳለበት ቶሎ መለየት የስልክ ብቻ ሥራ አይደለም። በጥጥ የሚፈትን እጅ፣ መልስ የሚሰጥ ሐኪም፣ መልሱን የሚከታተል ማኅበር ሲኖሩት ብቻ ይሳካል።